ሳይቃጠል በቅጠል፤ የደንዳኔ ምርመራ ታሪክና ለደሴና ለኮምቦልቻ የሚሰጠው ትምህርት

በእንፋሎት የሚሠራ ፋብሪካ ቦይለሩን ለመመርመር እስኪፈነዳ አይጠብቅም። ቀኑ ሲደርስ እሳቱ ይጠፋል፤ ውሃው ይወርዳል፤ መርማሪው መብራት ይዞ ወደ ውስጥ ይመለከታል፤ የብረቱን ውፍረት ይለካል፤ በቱቦዎቹ ላይ የተጋገረውን ያስጠርጋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ቦይለሩ ደኅና ሆኖ በሚሠራበት ወቅት ነው። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚሠራ መሐንዲስ ይህን ሥርዓት እንደ ቅንጦት አይቈጥረውም። ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ የሚጠብቅ ባለሙያም የውሃ መውረጃ ቦዮቹን ማስጠረግ ያለበት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እንጂ የሐምሌ ጎርፍ አስፋልቱን ቈርሶ ከወሰደው በኋላ እንዳልሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል ለመሐንዲሱ የዕለት ተዕለት ሥራው ደንብ ነው።

ይሁን እንጂ ያው ባለሙያ የራሱን ገላ በዚህ ደንብ ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ አይታይም። ወደ ሐኪም ቤት የሚኬደው ሕመም ሲያስገድድ ነው። ይህ ልማድ በራሳቸው ጊዜ ድምፃቸውን ለሚያሰሙ በሽታዎች ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። ነቀርሳ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም፤ በተለይ የትልቁ አንጀት፣ ማለትም የደንዳኔ ነቀርሳ፣ ሕመም ሆኖ ከመናገሩ በፊት ለብዙ ዓመታት በዝምታ የሚያድግ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ዝምታ ለመስበር የተደረገውን ጥረት ታሪክ በአጭሩ ማሳየት፣ ከታሪኩም ለደሴና ለኮምቦልቻ የሚበጀውን ትምህርት ማውጣት ነው።

ብርሃንን የማጠፍ ጥረት

የሰውን ገላ ሳይቀዱ ውስጡን የማየት ምኞት የቈየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 ፊሊፕ ቦዚኒ የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም ሻማና መስተዋት በአንድ ሣጥን ውስጥ አድርጎ፣ ብርሃኑን በቀጭን ቱቦ ወደ ገላ ውስጥ የሚልክ መሣሪያ ሠራ። ስሙንም «ብርሃን መሪ» አለው። በዘመኑ የነበሩት የቪየና የሕክምና ሊቃውንት መሣሪያውን በበጎ ዓይን አላዩትም፤ ቦዚኒም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በወጣትነቱ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1868 ደግሞ አዶልፍ ኩስማውል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ወደ ሰው ጨጓራ ለማስገባት ቻለ። ለዚህ ሙከራ የተባበረው ግን ተራ በሽተኛ ሳይሆን በአደባባይ ሰይፍ እየዋጠ የሚተዳደር ትርኢተኛ ነበር። የችግሩ ምሥጢር በዚሁ ይታወቃል፤ ብርሃን በቀጥታ ይጓዛል፣ አንጀት ግን ጠመዝማዛ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከሕክምና ሳይሆን ከፊዚክስ ነው። ብርሃን ጥቅጥቅ ካለ ነገር ወደ ሳሳ ነገር ሲሻገር በተወሰነ ማዕዘን ከመታ አያልፍም፤ ተነጥሮ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስዊዘርላንድ ዳንኤል ኮላዶን፣ በእንግሊዝ አገርም ጆን ቲንዳል ከጎድጓዳ ዕቃ እየጎበጠ የሚፈስ ውሃ ብርሃንን ይዞ ሲጎብጥ በአደባባይ አሳይተዋል። በውሃ የታየው በብርጭቆ ክር ሊሠራ እንደሚችል የገባቸው ሰዎች ቢኖሩም፣ ምስልን በክር ጥቅል ማስተላለፍ በሳይንስ መጽሔት ጐልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ሃሮልድ ሆፕኪንስና ናሪንደር ካፓኒ ከለንደን፣ ፋን ሄል ደግሞ ከሆላንድ ባቀረቧቸው አጫጭር ጽሑፎች ነው።

እነዚህን ጽሑፎች ካነበቡት አንዱ በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ባዚል ሂርሾዊትዝ ነበር። ነገር ግን አንድ እንቅፋት ነበር። ክሮቹ እርስ በርሳቸው ሲነካኩ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየፈሰሰ ምስሉ ይደበዝዛል። ይህን እንቅፋት ያስወገደው የስመ ጥር ቤተ ሙከራ አለቃ አልነበረም፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን ያልጨረሰው ላውረንስ ከርቲስ የተባለ የፊዚክስ ተማሪ ነው። ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1956 መጨረሻ እያንዳንዱን ክር ብርሃንን ይበልጥ በሚያጥፍ ብርጭቆ አስኳልነት፣ በሌላ ዐይነት ብርጭቆ ሽፋንነት ለመሳብ ቻለ። በተከታዩ ዓመት ሂርሾዊትዝ የተሠራውን መሣሪያ መጀመሪያ በራሱ ጉሮሮ አሳልፎ ሞከረው፤ ከዚያ በኋላ ነው ለበሽተኛ ያዋለው። ዛሬ የቴሌፎንንና የመረጃን ጭነት የሚሸከመው የብርሃን ክርም መሠረታዊ ሐሳቡ ከዚሁ የተለየ አይደለም።

ከጨጓራ ወደ ደንዳኔ መሸጋገር ሌላ አሥር ዓመት ያህል ጠየቀ። ቀድሞ ሐኪሞች ደንዳኔን የሚያዩት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል በሚገባ ቀጥ ያለ ቱቦ ወይም ባሪየም በሚባል ነጭ ፈሳሽ በሚነሣ ራጅ ነበር። የመጀመሪያው ጥቂቱን ብቻ ያሳያል፤ ሁለተኛው ጥላ ያሳያል እንጂ የተገኘውን ነገር ለመንካት አያስችልም። እ.ኤ.አ. በ1969 በኒው ዮርክ ቤዝ እስራኤል ሆስፒታል ዊልያም ዎልፍና ሂሮሚ ሺንያ የሚታጠፍ ረጅም መሣሪያ ተጠቅመው ደንዳኔን እስከ ጥግ መመልከት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ሺንያ በመሣሪያው ውስጥ በሚያልፍ የሽቦ ቀለበትና በኤሌክትሪክ ጅረት ኃይል ከአንጀት ግድግዳ ላይ እባጭ ቈርጦ አወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለውን እባጭ ለማውጣት ሆድ መቀደድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ በመሣሪያው ጫፍ ላይ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ዓይን ተተክሎ ምስሉ በቴሌቪዥን መስኮት መታየት ጀመረ።

ከእባጭ እስከ ነቀርሳ

መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ የሚታየው ነገር ትርጕም ባይኖረው ኖሮ ትዕይንት ሆኖ በቀረ ነበር። ትርጕሙን ያገኙለት በማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሱ ሐኪሞች ናቸው። በለንደን ቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል የነበረው ከትበርት ዱክስ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከበሽተኞች የተቈረጠውን ደንዳኔ በጥንቃቄ እየመረመረ፣ ነቀርሳው በአብዛኛው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እባጭ እንደሚነሣ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1932ም በሽታው በአንጀት ግድግዳ ውስጥ የደረሰበትን ጥልቀት በደረጃ ከፋፍሎ አሳየ። በዚያው ሆስፒታል እርሱን የተከተለው ባዚል ሞርሰን ይህን የእባጭና የነቀርሳ ተከታታይነት በሰፊው አስረዳ።

ከዚህ የምርምር ፍሬ ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው፣ ብዙው እባጭ ምንም ሳይጎዳ የሚኖር ቢሆንም ጥቂቱ ወደ ነቀርሳ እንደሚለወጥ፣ ለውጡም ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ያህል እንደሚወስድ ነው። ሁለተኛው፣ በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ እባጩ ከተቈረጠ ነቀርሳው ሳይወለድ እንደሚቀር ነው። እንግዲህ የደንዳኔ ምርመራ ከሌላው ቅድመ ምርመራ የሚለይበት ባሕርይ ይህ ነው። በሽታን ቀድሞ ማግኘት ብቻ ሳይሆን በሽታው እንዳይፈጠር ማድረግ ይችላል። ለመሐንዲስ በሚቀርበው ቋንቋ፣ ስንጥቁን አይቶ መመዝገብ ብቻ ሳይሆን በዚያው ሰዓት መድፈን ማለት ነው።

ተመርማሪው የሚያልፍበት መንገድ

ብዙ ሰው ከምርመራው የሚሸሸው ምን እንደሚደረግ ስለማያውቅ ነው። ስለሆነም ሥርዓቱን በቅደም ተከተል መናገር ይገባል።

ተመርማሪው ከቀጠሮው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ቈሎ፣ ሽንብራ፣ ተልባ፣ ጎመንና እነዚህን የመሳሰሉ ፍሬና አሰር የሚበዛባቸውን ምግቦች ይተዋል። በዋዜማው የሚወስደው የጠራ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ውሃ፣ ሥጋው የወጣለት መረቅ፣ ወተት ያልገባበት ሻይና ቡና ይፈቀዳሉ። ማታውን፣ ብዙውን ጊዜም በማግሥቱ ጠዋት፣ አንጀቱን የሚያጥብ መድኃኒት በብዙ ውሃ በጥብጦ ይጠጣል፤ ደጋግሞም ወደ ሽንት ቤት ይመላለሳል። ያለፉበት ሰዎች የምርመራው ከባድ ክፍል ይህ እንጂ ምርመራው አለመሆኑን ይናገራሉ። ለወሎ ሰው፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም፣ ከምግብ መከልከል እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ይህኛው «ጾም» ያለ ማቋረጥ መጠጣትን የሚያዝ መሆኑ ነው፤ በዚህም ምክንያት ቀጠሮው ከረመዳን ውጭ ቢሆን ይመረጣል። ይህ መሰናዶ ከተጓደለ ሐኪሙ የሚያየው አንጀቱን ሳይሆን ቈሻሻውን ነው፤ ምርመራውም ሊደገም ይችላል።

በምርመራው ክፍል ተመርማሪው በግራ ጎኑ ይተኛል፤ የሚያደነዝዝ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል። መሣሪያው የሰው ጣት የሚያህል ውፍረትና አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው። በውስጡ የመብራት መስመር፣ የአየርና የውሃ ቧንቧ፣ ጫፉን በአራት አቅጣጫ የሚያጥፉ ሽቦዎች፣ ናሙና መቈንጠጫና የሽቦ ቀለበት የሚያልፉበት አንድ ቀዳዳ ተሰብስበዋል። ሐኪሙ ጫፉን ደንዳኔው ከቀጭኑ አንጀት እስከሚገናኝበት ያደርሳል። ዋናው ምልከታ የሚደረገው ግን ሲገባ ሳይሆን በዝግታ ሲወጣ ነው፤ ደንቡ ይህ ጉዞ ከስድስት ደቂቃ እንዳያንስ ያዛል። እባጭ ከተገኘ ይቈረጣል፤ ናሙናውም ለማይክሮስኮፕ ይላካል። ጠቅላላው ሥራ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ተመርማሪው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሆኖም የሚያደርሰው ሰው ያስፈልገዋል፤ በዚያም ቀን መኪና አይነዳም።

ምርመራው ፍጹም ከአደጋ የራቀ ነው ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ መድማት ያጋጥማል፤ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ይህ ግን በሠለጠነ እጅ ከሺህ ተመርማሪ አንድ እንኳ የማይሞላ ነው። መካከለኛ ሥጋት ያለው ሰው አንጀቱ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩን ምርመራ የሚጠብቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ቁጥሮች ምን ይላሉ

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ያዘጋጁትን ስለ ቅድመ ምርመራ መመሪያ አሳተመ። በዚያ የተቀመጡት አሥር መመዘኛዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ፍሬ ነገራቸው ሲጠቃለል፣ በሽታው ለሕዝብ ጤና ዐቢይ ችግር ሊሆን ይገባል፤ ምልክት ከማሳየቱ በፊት የሚታወቅበት ደረጃ ሊኖረው ይገባል፤ መመርመሪያው ተስማሚና ሰው የሚቀበለው ሊሆን ይገባል፤ ከሁሉም በላይ ለሚገኘው በሽታ ሕክምና ሊኖር ይገባል። ሕክምና በሌለበት መመርመር ለሰው ጭንቀትን እንጂ ጤናን አይሰጥም።

የደንዳኔ ምርመራ በእነዚህ ሚዛኖች ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን በ74 ዓመታቸው በዚህ መሣሪያ ሲመረመሩ ትልቅ እባጭ ተገኘባቸውና በማግሥቱ በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው፤ ነቀርሳም ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ወደ 19 ዓመት ያህል ኖሩ። የአንድ ሰው ታሪክ ግን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው የመጣው በ1993 (እ.ኤ.አ.) ነው። በሚኒሶታ 46,551 ሰዎችን ለ13 ዓመታት የተከታተለው ጥናት በየዓመቱ ዓይነ ምድራቸው ለተሰወረ ደም በተመረመረላቸው ሰዎች ዘንድ በደንዳኔ ነቀርሳ የመሞት አደጋ በአንድ ሦስተኛ እንደቀነሰ አሳየ። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ እባጫቸው በተቈረጠላቸው 1,418 ሰዎች ላይ የታየው ነቀርሳ ከተጠበቀው ከ76 እስከ 90 በመቶ ያነሰ መሆኑን ገለጸ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ከፖላንድ፣ ከኖርዌይና ከስዊድን የተገኘው ውጤት ግን ነገሩን በለዘበ መልኩ አቀረበው። ለምርመራ በተጠሩት ሰዎች ዘንድ በአሥር ዓመት ውስጥ የደንዳኔ ነቀርሳ አደጋ የቀነሰው በ18 በመቶ ብቻ ነበር፤ በሞት በኩልም የጎላ ልዩነት አልታየም። ይህን ቁጥር የሚያነብ ሰው ምርመራው ዋጋ የለውም ወደሚል መደምደሚያ ሊቸኩል ይችላል። ነገር ግን ከተጠሩት መካከል ወደ ምርመራው የመጡት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጥናቱ የለካው የመሣሪያውን ኃይል ብቻ ሳይሆን የጥሪውንም ኃይል ነው። መሣሪያው ያው ሆኖ ሳለ፣ ሰው ካልመጣ የሚያድነው ሰው አይኖርም።

የኢትዮጵያ ልምድ

የደንዳኔ ነቀርሳ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ19 መቶ ሺህ ያላነሱ ሰዎችን ይይዛል፤ 9 መቶ ሺህ ያህሉንም ይገድላል። በኢትዮጵያ እንደ ምዕራባውያን አገሮች የተስፋፋ አይደለም። ሆኖም በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የነቀርሳ መዝገብ እንዳመለከተው፣ በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት የነቀርሳ ዐይነቶች አንዱ ይኸው ነው። ከዚህ የሚያሳዝነው ብዙዎቹ በሽተኞች ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ መሆኑ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ 50 ዓመት ያልሞላቸው መሆናቸው ነው። የጨረር ሕክምናም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ከሃያ ዓመት በላይ የተሰጠው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከወሎ፣ ከጋምቤላም ሆነ ከኦጋዴን የተነሣ በሽተኛ ወረፋው የሚገጥመው በአንድ በር ላይ ነበር።

በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የደንዳኔ ነቀርሳ ቅድመ ምርመራ ገና አልተዘረጋም። ነገር ግን አገሪቱ ቅድመ ምርመራን ጨርሳ አታውቅም ማለት አይደለም። የማኅፀን በር ነቀርሳ ያስተማረው ትምህርት አለ። ይህ በሽታ ሂዩማን ፓፒሎማ በሚባል ቫይረስ እንደሚመጣ ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሳይቶ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በሀብታም አገሮች የሚሠራው የሴል ምርመራ ላቦራቶሪና ልዩ ባለሙያ ይፈልጋል። ለዚህ አቅም ባልነበረበት አገር ሌላ ዘዴ ተገኘ፤ ይኸውም ከሦስት እስከ አምስት በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ፣ በቀላል አነጋገር ኮምጣጤ፣ በማኅፀን በር ላይ ቀብቶ መመልከት ነው። የተለወጠው ሥጋ ነጭ ሆኖ ይታያል። የሠለጠነች ነርስ በዓይኗ አይታ፣ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ልታስወግደው ትችላለች። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ በደማቸው ላለ ሴቶች በተመረጡ ሆስፒታሎች የተጀመረው ይህ አገልግሎት፣ በኋላ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በመንግሥት ዕቅድ ተስፋፋ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት መሰጠት ተጀመረ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ኮምጣጤው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አልሠራም። የሠራው ማየቱና ማከሙ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ስለተገናኙ ነው። ሴትዮዋ ውጤት ለመስማት ሌላ ቀን ከገጠር ትመለስ ቢባል ኖሮ ብዙዎቹ አይመለሱም ነበር። ቅድመ ምርመራ የመሣሪያ ሳይሆን የሰንሰለት ጉዳይ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር ትገኛለች። ኮምቦልቻ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በቦርከና ወንዝ ሜዳ ላይ ተመሥርታለች። አንዷ የሆስፒታልና የአስተዳደር፣ ሌላዋ የፋብሪካ ከተማ ናቸው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት የኮምቦልቻ የሠራተኛ ብዛት ይበልጥ ጨመረ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱ ከተሞች ተከፍሎ፣ የሕክምና ትምህርቱን በደሴ፣ የቴክኖሎጂውን ትምህርት በኮምቦልቻ ያካሂዳል። ሐኪሙና መሐንዲሱ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር በአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት የሚገኙበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

የአካባቢው የሕክምና አገልግሎት ግን በሰላም የኖረ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው ድንኳኖች ተመትተዋል። ከ80 ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በሰሜኑ ጦርነት ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መገባደጃ እስከ ኅዳር መጨረሻ በነበረው ጊዜ፣ የደሴ ሆስፒታል ንብረቱ ተዘርፎ፣ መሣሪያው ተሰባብሮ አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። ደቡብ ወሎን ብቻ ሳይሆን የአፋርንና የአጎራባች ዞኖችን በሽተኛ የሚቀበል ሆስፒታል ሲዘጋ የሚቀረው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ነው።

ይህ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። መሣሪያ ይገዛል፣ ይሰበራል፣ ይዘረፋል፣ ዳግም ይገዛል። የሠለጠነ ሰው፣ የተለመደ አሠራርና በሁለት ቦታ የተቀመጠ መዝገብ ግን በቀላሉ አይዘረፉም። ስለሆነም በደሴና በኮምቦልቻ ስለ ደንዳኔ ምርመራ ሲታሰብ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት መሣሪያ ይገዛ?» ሳይሆን «ሰንሰለቱ ከየት ይጀምራል?» መሆን አለበት።

ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከአንድ የተለመደ ቃል ነው፤ ይኸውም «ኪንታሮት» የሚለው ነው። በዓይነ ምድሩ ደም ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ለራሱ የሚሰጠው ስም ይህ ነው። ኀፍረት ስለሚይዘው ለቤተሰቡ እንኳ አይናገርም፤ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ይሄዳል ወይም ዝም ብሎ ይታገሣል። ሌላው ደግሞ «አሜባ ነው» ብሎ ክኒን ደጋግሞ ይውጣል። በእርግጥ ብዙው ደም ኪንታሮት ወይም ተቅማጥ ያመጣው ነው። ነገር ግን ሕክምናው ሳይሠራ ሲቀር፣ የሆድ ልማድ ለሳምንታት ሲለወጥ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ሲከሳ፣ በወንድ ወይም በዕድሜ በገፋች ሴት ላይ የብረት እጥረት ያመጣው የደም ማነስ ሲታይ ጊዜ መስጠት አይገባም። እንዲህ ባለ ሰው ላይ የሚባክነው እያንዳንዱ ወር በቀላሉ ሊወጣ የሚችለውን እባጭ ወይም ገና የጀመረውን ነቀርሳ ወደማይድን ደረጃ ሊያሻግረው ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለዚህ ሁኔታ የተነገረ ይመስላል።

በአሜሪካ ምርመራው ከ45 ዓመት ጀምሮ ለሁሉም እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ተመክሯል። ይህን ምክር ቃል በቃል ገልብጦ ወደ ወሎ ማምጣት ግን ጥበብ አይሆንም። በ1968ቱ መመዘኛ መሠረት ሕክምናው ሊሸከመው የማይችለውን ሕዝብ መጥራት ስሕተት ነው። ዓይነ ምድርን ለደም መመርመርም ርካሽና ጠቃሚ ቢሆንም፣ የአንጀት ጥገኛ ትላትሎችና ቢልሃርዚያ በሚገኙበት አካባቢ ደም ከነቀርሳ ውጭ በሆነ ምክንያት ሊታይ ስለሚችል፣ በመጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሊመዘን ይገባዋል። ከሁሉ በፊት መቅደም ያለባቸው ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ምልክት የታየባቸው ሰዎችና ወላጆቻቸው፣ ወንድሞቻቸው ወይም እኅቶቻቸው በዚህ በሽታ የተያዙባቸው ሰዎች። የኋለኞቹ ከ40 ዓመታቸው፣ ወይም ዘመዳቸው በታመመበት ዕድሜ ላይ ከመድረሳቸው አሥር ዓመት አስቀድመው እንዲመረመሩ ይመከራል። ይህ ቁጥሩ የማያስፈራ፣ ጥቅሙም ፈጥኖ የሚታይ መጀመሪያ ነው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የመሐንዲሱ ድርሻ ብዙ ነው። አንድ የደንዳኔ መመልከቻ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ከመሸጋገሩ በፊት ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅ እንዳለበት ይፈተናል፤ ቀዳዳው በብሩሽ ይጠረጋል፤ በጀርም ገዳይ ፈሳሽ ይነከራል፤ በተጣራ ውሃ ይታጠባል፤ በአየር ደርቆ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ወይ በሽታ ይተላለፋል፣ ወይ መሣሪያው ይበላሻል። ጥቂት ጠብታ ውሃ ወደ ውስጡ ከገባ ውድ የሆነው ዕቃ ለጥገና ከአገር እስከ መውጣት ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ፣ የውሃ መቈራረጥ፣ የመለዋወጫ እጥረትና የጥገና ባለሙያ አለመኖር ሐኪሙን ባዶ እጁን ያስቀምጡታል። ከልገሳ የመጣ መሣሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ አቧራ እየጠጣ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ የሐኪም ችሎታ አንሶ ሳይሆን ይህ የጀርባ ሥራ ስላልተሠራ ነው። በኮምቦልቻ የሚማር ወጣት መሐንዲስ ለዚህ ሥራ መሠልጠን ቢችል ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ የ25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

የፋብሪካዎችም ድርሻ አለ። ለማሽን ጥገና በዓመት የተወሰኑ ቀናት የሚመድብ ድርጅት፣ ምርመራ ለሚያስፈልገው ሠራተኛ ለመሰናዶና ለምርመራ ሁለት ቀን ያለ ደመወዝ ቅነሳ ቢፈቅድ የሚከስረው ነገር አነስተኛ ነው። በዓመታዊው የሠራተኞች ጤና ምርመራ ላይ ስለ ዓይነ ምድር ደምና ስለ ቤተሰብ ሕመም ሁለት ጥያቄ መጨመር ደግሞ ከአንድ ገጽ ወረቀት የበለጠ ወጪ አይጠይቅም። ለሴቶች ሠራተኞችም ቀድሞውኑ ያለውን የማኅፀን በር ምርመራ ማስታወስ በዚያው አጋጣሚ ሊደረግ ይችላል።

ሲጠቃለል፣ ከቦዚኒ ሻማ እስከ ዛሬው የኤሌክትሮኒክ ዓይን ያለው የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ የሚነግረው ሰው ወደ ራሱ ውስጥ የመመልከቻ መንገድ ማግኘቱን ነው። የ2022ቱ ጥናትና የኢትዮጵያ የማኅፀን በር ምርመራ ልምድ ግን ማየት ብቻውን እንደማያድን ያስረዳሉ። የሚያድነው ሳያፍር የሚናገር በሽተኛ፣ «ኪንታሮት ነው» ብሎ የማያሰናብት ጤና ጣቢያ፣ የሠለጠነ ሐኪም፣ ናሙናውን በጊዜ የሚያነብ ላቦራቶሪ፣ መሣሪያውን የሚጠብቅ መሐንዲስና የማይጠፋ መዝገብ በአንድነት ሲቆሙ ነው። ከእነዚህ አንዳንዱ በደሴና በኮምቦልቻ ዛሬውኑ አለ፤ የጎደለው አንዱን ከሌላው የሚያያይዘው ነው። ማያያዝ ደግሞ የመሐንዲስ ሙያ ነው።